«አንድ ቀን እኮ ነው!» ከአዲስ አበባ አዋሽ ፓርክ ደርሶ መልስ ለምትሄዱ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ውስጥ አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ዶክተር፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አዋሽ ፓርክ ልንሄድ ነው፣ ጠዋት ሄደን ማታ ነው የምንመለሰው። የወባ መድሃኒት መውሰድ አለብኝ? ወይስ አንድ ቀን ስለሆነ ችግር የለውም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ለአንድ ሳምንት ጉዞ ይዘጋጃል፣ ለአንድ ቀን ግን «ምን ችግር አለው፣ ማታ ቤቴ ነኝ» ብሎ ሁለት የፕላስቲክ ውሃና ቺፕስ ይዞ ይነሳል። ነገር ግን ሙቀት፣ ትንኝ፣ መንገድና ዝንጀሮ «ይሄማ ለአንድ ቀን የመጣ ነው» ብለው አይምሩንም። ስለዚህ ዛሬ ከቤት ከመውጣት ጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላ እስካሉት ሳምንታት ድረስ ማወቅ ያለባችሁን በዝርዝር እነግራችኋለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻ አንብቡት። ዋናው መልዕክት ያለው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሰፊው የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ የአዋሽ ፏፏቴ፣ የፈንታሌ ተራራና የፍልውሃ ምንጮች እዚሁ ናቸው። ሳላ፣ አምባራይሌ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮ፣ አዞና ከ400 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች ይገኙበታል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የዱር እንስሳ አይቶ ለመመለስ ከአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቦታ ነው።

ለጤናችሁ ዋናው ቁጥር ግን ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። የፓርኩ ሜዳ ደግሞ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ማለትም በአራት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሁለት ነገር ይለወጣል ማለት ነው፦ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ወባ ወደሚገኝበት አካባቢ ትገባላችሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፦ የመንገዱንና የአካባቢውን ወቅታዊ ሁኔታ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ ብዙ ነዋሪ ከቤቱ መነሳቱን ታስታውሳላችሁ። የጸጥታውንም ጉዳይ ቢሆን ፓርኩ ጋር ወይም አስጎብኚ ድርጅት ጋር ደውላችሁ ጠይቁ። «ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር» የሚለው ለዘንድሮ አይሠራም።

1. መንገዱ

በሐኪም ዓይን ካየነው በዚህ ጉዞ ውስጥ ትልቁ አደጋ አንበሳም እባብም አይደለም፣ መኪናው ነው።

እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ምቹ ነው። ከአዳማ በኋላ ግን በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል የሚያልፈው መንገድ የጅቡቲ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚመላለሱበት ነው። ግመልና ከብትም ያቋርጣል። ደርሶ መልሱ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያውም መሀል ላይ ሙሉ ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሹፌር ይዛችሁ።

👉 ሹፌሩ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት ይተኛ። አርብ ማታ አምሽቶ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መሪ መጨበጥ አይሆንም።
👉 ቢቻል መንጃ ፈቃድ ያለው ሁለተኛ ሰው ይኑር።
👉 በየሁለት ሰዓቱ ቆም በሉ። ጫት እንቅልፍን ይደብቃል እንጂ ድካምን አያጠፋም። መጠጥማ ጭራሽ።
👉 ቀበቶ ኋላ ለተቀመጠውም ነው። ልጅን እቅፍ አድርጎ መቀመጥ መከላከያ አይደለም።
👉 ከፓርኩ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ውጡ። እዚያ መንገድ ላይ በጨለማ አለመንዳት አንድ ጥቅም ነው። ሁለተኛውን ጥቅም ወባ ላይ እመለስበታለሁ።

መኪና የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ፊት ተቀመጡ፣ ስልክ ላይ አታፍጥጡ፣ ሩቅ ተመልከቱ፣ ቁርሱን ቀለል አድርጉት። የማቅለሽለሽ መድሃኒት የምትወስዱ ከሆነ ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ሹፌር መውሰድ የለበትም።

2. ሙቀቱ

የአዲስ አበባ ሰውነት ሙቀትን አልለመደም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ፣ ማለትም ላብን በደንብ ለማውጣትና ጨውን ለመቆጠብ፣ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እናንተ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ነው። አዋሽ ላይ በሞቃት ወራት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ያዙ። «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» አትበሉ፣ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ጠጡ። በቂ መጠጣታችሁን የምታውቁት በሽንታችሁ ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ዘግይታችኋል። ቢራ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ውሃን አይተካም። እንዲያውም ሽንት ያበዛል።

እዚህ ላይ ለሴቶች አንድ ነገር ልበል። ብዙ እህቶቼ «መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት የለም» ብለው ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም፣ ሽንታቸውንም ሙሉ ቀን ይይዛሉ። እንደዚህ ማድረግ ለራስ ምታት፣ ለማዞርና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። መፍትሔው ውሃ መተው ሳይሆን ማቆሚያ ማቀድ ነው። አዳማ ላይ፣ መተሐራ ላይ፣ ሎጅ ላይ እንቆማለን ብላችሁ ከሹፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ወንዶችም ይህን ሳትጠየቁ አስቡበት።

የሙቀት ድካምና የሙቀት ምት አንድ አይደሉም

የሙቀት ድካም፦ ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ ቁርጠት። ሰውየው ግን ያወራል፣ ያለበትን ያውቃል። ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ልብሱን አላሉ፣ ውሃ ወይም ኦ.አር.ኤስ. ስጡት፣ አራግቡለት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሻሻል አለበት። ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የሙቀት ምት፦ ሰውየው ይቀባዥራል፣ ይደናገራል፣ ይወድቃል ወይም ያንቀጠቅጠዋል። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፣ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ። ይህ ነፍስ የሚያጠፋ ድንገተኛ ሕመም ነው። ያላችሁን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡ፣ ብብቱና አንገቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አድርጉ፣ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ፓራሲታሞል እዚህ ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም ትኩሳቱ ከኢንፌክሽን የመጣ አይደለም።

ልጆችን መኪና ውስጥ ዘግቶ «አንድ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን» ማለት በፍጹም አይቻልም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ ወደ 10 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል።

3. መድሃኒት የምትወስዱ

👉 ኢንሱሊን የምትወስዱ፦ መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ኪስ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ማቀዝቀዣ ቦርሳ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ በረዶው በቀጥታ አይንካው። የስኳር መለኪያና ከረሜላ ወይም ስኳር ከእጃችሁ አይራቅ። ምሳ ሊዘገይ እንደሚችል አስባችሁ መክሰስ ያዙ።
👉 የደም ግፊት ወይም የልብ መድሃኒት የምትወስዱ፦ አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ስለሆኑ በሙቀት ውስጥ ሰውነት ቶሎ ይደርቃል። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።
👉 አስም ያለባችሁ፦ አቧራ አለ፣ ፓፉን ቦርሳችሁ ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።
👉 ነፍሰ ጡር እናቶች፦ የእኔ ምክር ይህን ጉዞ ለሌላ ጊዜ አቆዩት ነው። ወባ በእርግዝና ጊዜ ለእናትም ለጽንስም ይከፋል። ሙቀቱና መንገዱ ሲጨመርበት ደግሞ ዋጋ የለውም። ፓርኩ የትም አይሄድም።

4. ምግብ

መንገድ ላይ ያለው ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን የዛን ቀን በደንብ የበሰለ ብሉ። ተቅማጥ ሲመጣ አልጋችሁ ላይ ሳይሆን መጸዳጃ የሌለበት ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ሰውነታችሁ በሁለት በኩል ነው የሚደርቀው፣ በላብና በተቅማጥ።

ከቤት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደረቅ ምግብ ይሻላል፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ በሶ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ማዮኔዝ ያለበት ሳንድዊች፣ ሥጋ ወጥና የተቀቀለ እንቁላል በዚያ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። ጠዋት 12 ሰዓት የታሰረ ሳንድዊች ቀን 7 ሰዓት ላይ ቢሸት ባይሸት መጣል ነው ያለበት።

5. እንስሳቱና ውሃው

እንስሳ ለማየት ጥሩው ሰዓት ማለዳና አመሻሽ ነው። በቀትር ሙቀት እነሱም ጥላ ውስጥ ናቸው፣ እናንተም ብትሆኑ እንዲሁ አድርጉ። ስካውት ሳይፈቅድላችሁ ከመኪና አትውረዱ። ለሴልፊ ብላችሁም ቢሆን።

ዝንጀሮ፦ ሰው የሚያርፍበት አካባቢ ያሉ ዝንጀሮዎች ሰው ለምደዋል፣ ምግብ ይነጥቃሉ። አትመግቧቸው፣ ፌስታል ይዛችሁ አትቅረቧቸው፣ የመኪና መስኮት ዝጉ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ስላችሁ ሰዓት እያያችሁ ነው። ከዚያ «ትንሽ ጭረት ናት» ሳትሉ የዛኑ ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ይታይ። መንገድ ላይ ውሻ ቢነክሳችሁም ያው ነው፣ በሀገራችን በሽታውን በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ይከላከለዋል። የባህል መድሃኒት ጠጥታችሁ ክትባቱን አትዝለሉ።

ወንዙ፦ አዋሽ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ። ዳር ላይ ቁጭ ብሎ እግር መንከርም አይመከርም። በተጨማሪም በአዋሽ ሸለቆ ቢልሃርዝያ አለ። ተውሳኩ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ዘልቆ ነው የሚገባው፣ መጠጣት አያስፈልገውም።

ፍልውሃው፦ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች አትግቡ። ሌሎቻችሁም ብትሆኑ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ደክማችሁ፣ ውሃ ሳትጠጡ ወይም ቢራ ጠጥታችሁ ፍል ውሃ ውስጥ መግባት ራስን ስቶ መውደቅን ይጋብዛል።

እባብ፦ ነጠላ ጫማ ቤት ይቅር፣ ሽፍን ጫማና ረጅም ሱሪ አድርጉ። ድንጋይ አታንሱ፣ ሳር ውስጥ እጃችሁን አትስደዱ። ከነደፈ ሰውየውን አረጋጉት፣ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቆርጦ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ አይጠቅሙም፣ ይጎዳሉ። እባቡን ለመግደል ስትሯሯጡ ሁለተኛ ሰው እንዳይነደፍ።

6. አሁን ወደ ዋናው፦ ወባ

እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በሀገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና ከ1,100 በላይ ሞት ተመዝግቧል። ወባ የድሮ ታሪክ አይደለም።

ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ከጀንበር መጥለቅ እስከ ንጋት ነው። ለዚህ ነው ከ11 ሰዓት በፊት ውጡ ያልኳችሁ። ቀን ውላችሁ ሳይመሽ ከወጣችሁ ተጋላጭነታችሁ በጣም ይቀንሳል። ችግሩ እቅዱ እንደታቀደው የማይሄድ መሆኑ ነው፦ ጎማ ይፈነዳል፣ «ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ እንነሳ» ይባላል፣ መተሐራ ላይ እራት ይበላል፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት ይሆናል። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከውጭ የገባች የወባ ትንኝ ደግሞ አዋሽ ሰባት ኪሎን ጨምሮ በምሥራቅ የሀገራችን ከተሞች ተገኝታለች። ይህችኛዋ በከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ «ከተማ ላይ ነው ያመሸነው» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ታዲያ መድሃኒት ልውሰድ? መልሱ እንዲህ ነው፦

👉 ሳይመሽ ለምትወጡ ጤነኛ አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የመከላከያ ክኒን አያስፈልግም። ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪና ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ያለው የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ይበቃል። ፀሐይ መከላከያ ከቀባችሁ እሱ ይቅደም፣ የትንኙ ከላይ ይሁን።
👉 ልታድሩ ካሰባችሁ፣ ጣፊያችሁ በቀዶ ጥገና ከወጣ፣ ወይም ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።
👉 ኮአርተም ገዝቶ «ለመከላከያ» መዋጥ ስህተት ነው። ኮአርተም ማከሚያ ነው። ያለ ምርመራ መውሰድ በሽታውን ሊደብቅና ተውሳኩ መድሃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርግ ይችላል።

ከተመለሳችሁ በኋላ (ይህን ክፍል ሴቭ አድርጉት)

ወባ በነከሰችን ማግስት አይታይም። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ ሊመጣ ይችላል፣ ወይም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ብቅ ይላል።

አሁን አስቡት። ፓርክ የሄዳችሁት ቅዳሜ ነው። ፎቶው ኢንስታግራም ላይ ወጥቶ ላይክ አግኝቶ ተረስቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ላይ እያላችሁ ይበርዳችኋል፣ ራሳችሁን ያማችኋል፣ መገጣጠሚያችሁ ይቆረጣጠማል። «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ፓራሲታሞል ትወስዳላችሁ። በሦስተኛው ቀን ቅርብ ያለ ክሊኒክ ትሄዳላችሁ። እዚያ ያለው ሐኪም አዲስ አበቤ መሆናችሁን ያያል። «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ፋልሲፓረም ግን በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ፣ ወደ ጭንቅላት፣ ወደ ኩላሊትና ወደ ሳንባ ሊዛመት ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ ለወባ የተለማመደ መከላከያ አቅም የለውም፣ ቶሎ ይጠናበታል።

ይህን ሁሉ የሚቀይረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ከሁለት ሳምንት በፊት አዋሽ ሄጄ ነበር።»

እኔ ትኩሳት ላለው ሰው ሁሉ «በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወጥተሃል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው «ኧረ አልወጣሁም» ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ «እ... አንድ ቀን ብቻ ለሽርሽር...» ይላል። ያቺ አንድ ቀን ትቆጠራለች። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። ወረፋ ቢበዛም፣ ቢቸኩልም ንገሩት።

👉 ከጉዞው በኋላ ባሉት 3 ወራት ትኩሳት ከያዛችሁ የዛኑ ቀን የወባ ምርመራ ይደረግላችሁ። ከጣት ጠብታ ደም ተወስዶ በፈጣን መመርመሪያ ወይም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከ3 ወር በኋላም ቢሆን ጉዞውን መናገር አይቅር።
👉 የመጀመሪያው ምርመራ የለም ቢልና ትኩሳቱ ቢቀጥል በማግስቱ እንዲደገም ጠይቁ።
👉 ወባ ከተባላችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ቫይቫክስ ከሆነ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድሃኒት ስለሚያስፈልግ፣ «ተሻለኝ» ብላችሁ ሳትጨርሱ አታቋርጡ።
👉 መቀባዠር፣ ማንቀጥቀጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ካለ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል።

ቦርሳችሁ ውስጥ ምን ይኑር?

ለሰው 3 ሊትር ውሃ፣ 4 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. (አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል)፣ ሳሙና፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ የራሳችሁ መድሃኒት፣ የትንኝ ማባረሪያ፣ የፀሐይ መከላከያ፣ ሰፊ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቤት ላለ ሰው ነግራችሁ ውጡ።

በመጨረሻ፣ ይህን የጻፍኩት እንዳትሄዱ አይደለም። ሂዱ! ሳላን ሜዳ ላይ ሲሮጥ ማየት፣ ፏፏቴው አጠገብ ቆሞ መስማት ለአእምሮ ጤናም መድሃኒት ነው። ተዘጋጅታችሁ ሂዱ፣ ሳይመሽ ውጡ፣ ስትመለሱ ደግሞ የሄዳችሁበትን ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ ጻፉት። ነገ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ይጠቅማችኋል።

አብረዋችሁ ለሚሄዱት ጓደኞቻችሁ በግሩፓችሁ ላይ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የምችለውን ሁሉ እመልሳለሁ። አሁን ትኩሳት ላይ ያላችሁ ግን መልሴን አትጠብቁ፣ ተነስታችሁ ተመርመሩ።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ጤና!